ከሻማ እስከ ሉመን፦ ሰፋፊ ቤቶችን የማብራት ታሪክ ከይፋግ ገበያ እስከ ወረታ መጋዘን

ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ ከጎንደር ወደ ጎጃም በሚወስደው ጥንታዊ የሲራራ መንገድ ላይ የምትገኘው ይፋግ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ስመ ጥር የገበያ ስፍራ ነበረች። አሞሌ ጨው ወደ ደቡብ፣ ቡናና ሰም ወደ ሰሜን ሲጓዙ በዚያ በኩል ያልፉ ነበር። ገበያው ግን እንደማናቸውም የዘመኑ ገበያ የፀሐይ ተገዥ ነበር፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሻጭም ሸማችም ይበተናል። በአጋሰስ ተጭኖ የሚያልፈው ሰም የጧፍና የሻማ ጥሬ ዕቃ ቢሆንም፣ ጧፍ ገበያን ለማብራት አቅም አልነበረውም።

በዚያ ዘመን ሌሊት ሥራ የሚሠራበት ሰፊ ቤት ቢኖር ቤተ ክርስቲያን ነው። በማሕሌትና በሰዓታት ጊዜ ጧፍ የሚያዘው ከመጽሐፉ አጠገብ ነበር፤ የቤቱ ጣሪያና ዙሪያው በጨለማ ይቀራል፣ ፊደሉ ግን ይነበባል። ይህ ልማድ ከድህነት ብቻ የመጣ አይደለም። ከአንድ ትንሽ መብራት የሚደርሰው ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ወደ ዘጠነኛ እጅ ይወርዳልና፣ ጧፍ ያዡ ሳያሰላው የሚሠራበት ሕግ ነበር። ብርሃን የሚፈለገው ከሥራው ላይ እንጂ ከጣሪያው ላይ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የመጡት ኩራዝ፣ ፋኖስና ማሾም ቢሆኑ ከዚህ ሥርዓት ብዙ አልወጡም፤ ሠራተኛው ባለበት ይቀመጣሉ፣ ሲነሣ ይነሣሉ።

የኤሌክትሪክ መብራት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1890 ዓ.ም. ገደማ፣ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው። በኋላም የአባ ሳሙኤል የውኃ ኃይል ጣቢያ ለአዲስ አበባ ኃይል መስጠት ጀመረ። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። አምፑል ሲመጣ መብራት ከእጅ ወጥቶ ጣሪያ ላይ ተሰቀለ። ሕዝቡም አዲሱን ዕቃ በለመደው ስም ለካው፤ ባለ 60 ዋቱን አምፑል «ባለ 60 ሻማ» አለው። ይህ አጠራር እስከ ዛሬ በየሱቁ አለ። ሆኖም ዋት አምፑሉ የሚበላው ኃይል እንጂ የሚሰጠው ብርሃን መለኪያ አይደለም። የመብራቱ ዓይነት አንድ ብቻ በነበረበት ጊዜ ስሕተቱ ጉዳት አላስከተለም፤ ብዙ የበላ ብዙ ያበራ ነበርና። ጉዳቱ የታየው የመብራቱ ዓይነት ሲለወጥ ነው።

የመጀመሪያው ለውጥ በተለምዶ «ኒዮን» የሚባለው፣ በእርግጥ ግን ፍሎረሰንት የሆነው ቱቦ መብራት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1938 ለገበያ ከቀረበ በኋላ በዓለም ዙሪያ የፋብሪካዎች፣ የትምህርት ቤቶችና የመሥሪያ ቤቶች ዋና መብራት ሆነ። በጣና አካባቢም ትልቅ የሥራ አዳራሽ በኤሌክትሪክ ብርሃን መሥራት የጀመረው በዚያ ዘመን ነው። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የጢስ ዓባይ ኃይል ጣቢያም በ1956 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አንዱ ዋና ተግባሩ ለዚሁ ፋብሪካ ኃይል ማቅረብ ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ የሚበተነው የይፋግ ገበያና በፈረቃ ሌሊቱን የሚያድረው ፋብሪካ የሚገኙት በአንድ ሐይቅ ዳር ነው፤ በመካከላቸው የተለወጠው ዋናው ነገር ብርሃን ነው።

ፍሎረሰንት ቱቦ በእያንዳንዱ ዋት የሚሰጠው ብርሃን ከአሮጌው አምፑል አራትና አምስት እጥፍ ነበር። ጉድለቶችም ነበሩት። ባላስትና ስታርተር ይሻል፤ በውስጡ ሜርኩሪ አለ፤ በ50 ኸርዝ መሥመር ላይ በተለመደው ባላስት ሲሠራ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። በዚህም የተነሣ በፍጥነት የሚሽከረከር መዘውር የቆመ መስሎ ሊታይ ይችላል። ጠንቃቃ መሐንዲሶች ጎን ለጎን ያሉትን መብራቶች በተለያየ ፌዝ ላይ የሚያሰሩት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ ኤል ኢ ዲ ነው። አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ የተባሉ የጃፓን ተወላጅ ሊቃውንት ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠውን ዳዮድ በመሥራታቸው እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል፤ ከዚህ ሰማያዊ ብርሃን ነጩን ማግኘት ተችሏልና። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች ፍሎረሰንት ቱቦዎችን ማምረት፣ ማስገባትና መላክ እንደየዓይነታቸው እ.ኤ.አ. እስከ 2026 እና እስከ 2027 መጨረሻ እንዲቆም ወሰኑ። ስለዚህ አሮጌውን ቱቦ በአዲሱ የመተካት ሥራ ለማንም የሚቀር አይደለም።

ለዚህ ሥራ የፎገራ ሜዳ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በአምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥ የተስፋፋው ሩዝ የሜዳውን ኑሮ ለውጦታል፤ ወረታም የሩዝ መፈልፈያና የመጋዘን ከተማ ሆናለች። እንግዲህ 20 ሜትር በ12 ሜትር የሆነ፣ 200 ሉክስ የሚያስፈልገው የመፈልፈያ አዳራሽ ይታሰብ። ከመብራቶቹ ከሚወጣው ብርሃን ሥራው ላይ የሚደርሰው ግማሹ ነው፣ ከዚያም በአቧራና በእርጅና ምክንያት 70 በመቶው ብቻ ይቀራል ብንል፣ 240 ካሬ ሜትሩን ለማብራት 137,000 ሉመን ያህል ያስፈልጋል። እያንዳንዳቸው 2,850 ሉመን የሚሰጡ 48 ባለ 36 ዋት ፍሎረሰንት ቱቦዎች ይህን ያሟላሉ፤ ባላስቱ ሲታከል አንዱ 45 ዋት ያህል ስለሚወስድ ጠቅላላው 2,160 ዋት ይሆናል።

እነዚህ ቱቦዎች አንድ ለአንድ 2,000 ሉመን በሚሰጡ ባለ 18 ዋት ኤል ኢ ዲዎች ቢተኩ ፍጆታው ወደ 864 ዋት ይወርዳል፤ ብርሃኑም ወደ 140 ሉክስ ይወርዳል። ኤል ኢ ዲ ቱቦ ወደ አንድ ወገን የሚያበራ በመሆኑ ወደ ጣሪያ ይባክን ከነበረው ጥቂቱን ይመልሳል፤ ጉድለቱን ሁሉ ግን ላይሞላ ይችላል። 200 ሉክስ እንዲጠበቅ ቁጥሩ ወደ 72 ከፍ ሊል ይገባል። ያኔም ፍጆታው 1,296 ዋት ብቻ ነው። ቁጠባው አይጠፋም፤ ሠራተኛውም በመዘውርና በቀበቶ መካከል በጨለማ አይዳክርም። በ«ሻማ» የሚቆጥር ገዥ ይህን ልዩነት አያየውም፤ ሉመንን የሚያነብ ግን ያየዋል።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚታየው ማቀፊያው ነው። የሩዝ ገለባ አቧራ ባለበት ቤት ክፍት ማቀፊያ አይበጅም፤ አቧራ የማያስገባ፣ አይ ፒ 65 የሚል ምልክት ያለው ዝግ ዕቃ ይመረጣል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው ሙቀት የኤል ኢ ዲን የኤሌክትሮኒክ ክፍል ዕድሜ ስለሚያሳጥር፣ መብራቱ ከቆርቆሮው ራቅ ብሎ መንጠልጠል አለበት። በሁለት መብራቶች መካከል ያለው ርቀትም፣ መብራቱ ከሥራው ገጽ በላይ ካለው ከፍታ አንድ ተኩል እጥፍ ባይበልጥ መልካም ነው። የተበላሸ ሩዝ በሚለቀምበት ቦታ ደግሞ ቀለም የማሳየት መለኪያው ከ80 የማያንስ ቱቦ ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የሽቦው ሥራ ነው። አንዳንዱ ኤል ኢ ዲ ቱቦ ከአሮጌው ባላስት ጋር ይሠራል፤ ሌላው ባላስቱ ወጥቶ በቀጥታ ከ220 ቮልት ጋር እንዲገናኝ የተሠራ ነው። ከቀጥተኞቹም ፌዝና ኑልን በአንድ ጫፍ የሚቀበሉ አሉ፣ በሁለት ጫፍ የሚቀበሉም አሉ። በሁለተኛው ዓይነት አንዱ ጫፍ ገብቶ ሌላው በሠራተኛው እጅ እያለ ኃይል ካልተቋረጠ ሰውን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ብሬከሩ ሳይወርድ ቱቦ አይነካም። ሽቦው የተለወጠ ማቀፊያም፣ ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ ፍሎረሰንት ቱቦ እንዳይሰካበት፣ በግልጽ ጽሑፍ ምልክት ይደረግበታል።

ከአንድ መቶ ዓመት በላይ በሆነው የኤሌክትሪክ መብራት ታሪክ እያንዳንዱ አዲስ መብራት የተሰቀለው በቀዳሚው ሚስማር ላይ፣ የተቆጠረውም በቀዳሚው ስም ነው። አሁን የመጣው ለውጥ ያንን ልማድ ለማረም ዕድል ይሰጣል። የፎገራ አዳራሾች ቱቦዎች በሚለወጡበት ጊዜ አስቀድሞ መለካት ያለበት ወለሉና በወለሉ ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። ጧፍ ያዡ ከመጽሐፉ አጠገብ የቆመው ስለዚሁ ነበር።