የወፏ ሙግት

ዛሬ የምተርክላችሁ፣ አንዲት ወፍ ያስነሣችው ሙግት ከአየርላንድ ሜዳ ተነሥቶ ዓለምን እንዴት እንዳዳረሰ ነው።

መጀመሪያ ግን ልጅነታችሁን ላስታውሳችሁ። ማታ ምድጃ ዳር ተቀምጠን «እንቆቅልሽ» ስንባባል ያደግን ነን። ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ ያስባል፣ ይሞክራል፣ ሲያቅተው «አገር ስጠኝ» ይባላል። ጎንደርን ይሰጣል፣ ሐረርን ይሰጣል፤ መልሱም የሚነገረው አገሩ ከተሰጠ በኋላ ነው። ያላወቀ አገሩን ከፍሎ ዕውቀት ይገዛል። እንግሊዞችና አይሪሾችም የራሳቸው እንቆቅልሽ አላቸው፤ እነሱ የሚጠያየቁት መጠጥ ቤት፣ ቢራቸውን ይዘው ነው። ታሪኬም ወደዚያ ይወስደናል።

ዘመኑ በፈረንጆች 1951፣ ኅዳር ወር በገባ በ10ኛው ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 30 ቀን 1944 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በአየርላንድ ደቡብ ምሥራቅ፣ በዌክስፈርድ አውራጃ፣ የስሌኒ ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት አጠገብ ኖርዝ ስሎብ የሚባል ከባሕር የተነጠቀ ረግረጋማ ሜዳ አለ። እዚያ ሜዳ ላይ አዳኞች ጠመንጃቸውን ይዘው ወጥተዋል። ከመካከላቸው አንዱ ሰር ሂው ቢቨር ይባላሉ፤ የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ዋና ሥራ አስኪያጅ ናቸው።

ጎልደን ፕሎቨር የምትባል፣ ጀርባዋ በወርቅማ ነጠብጣብ ያጌጠ ወፍ ሽው ብላ አለፈች። ሰር ሂው ተኮሱ፤ ሳቱ። ማታ ካስልብሪጅ ሐውስ በሚባለው ቤት ሲሰበሰቡ ጨዋታው ወፏ ላይ አረፈ። «ለአደን ከሚፈለጉት የአውሮፓ ወፎች ሁሉ ፈጣኗ እሷ ናት» የሚል ተነሣ። «የለም፣ ሬድ ግራውስ ይበልጣታል» የሚል ደግሞ መጣ። ግራውስ የእኛ ቆቅ ዘመድ ነው። መጻሕፍት ተገለጡ፤ መልስ ግን አልተገኘም።

ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩን ረስቶ ይተኛ ነበር። ሰር ሂው ግን ነጋዴ ናቸውና እንዲህ ሲሉ አሰቡ፦ በብሪታኒያና በአየርላንድ ከ80 ሺህ በላይ መጠጥ ቤት አለ። በእያንዳንዱ ማታ ማታ እንዲህ ያለ ክርክር ይነሣል፤ የትኛው ተራራ ይረዝማል፣ ማን ቀድሞ ሮጠ፣ የትኛው ወንዝ ይሰፋል። የሚዳኝ መጽሐፍ ግን የለም። ያንን መጽሐፍ ቢራ ጠማቂው ራሱ ቢያሳትመውስ?

ስለ ጠማቂው አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በጥያቄ ምሽቶች የሚወደድ ነው። አርተር ጊነስ በ1759 ደብሊን ውስጥ የቢራ መጥመቂያውን ቦታ ሲከራይ ውሉን የፈረመው ለ9,000 ዓመት ነበር። ኪራዩ በዓመት 45 ፓውንድ። ለዘጠኝ ሺህ ዓመት የተዋዋለ ቤት በሦስት ዓመት አይቸኩልም፤ የሰር ሂው ሐሳብም እስከ 1954 ድረስ አደረ።

አሁን ወደ ኦክስፎርድ እንሻገር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 6 ቀን 1954፣ ኢፍሊ ሮድ በተባለው የመሮጫ ሜዳ ላይ፣ የሕክምና ተማሪው ሮጀር ባኒስተር ማንም ያልደፈረውን ሊደፍር ተነሣ። አንድ ማይልን ከአራት ደቂቃ በታች መሮጥ! ፍጥነቱን ጠብቀው ከፊት የሚመሩት ሁለት ጓደኞች ነበሩት፤ ክሪስ ብራሸርና ክሪስ ቻታዌይ። ባኒስተር መስመሩን አልፎ ተዝለፈለፈ። ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጠ። የድምፅ ማጉያውን የያዘው ሰው ውጤቱን በአንዴ አልተናገረም፤ የሜዳው ክብረ ወሰን፣ የአገሩ ክብረ ወሰን፣ የአውሮፓ፣ የዓለም እያለ አንድ በአንድ ደረደረ። በመጨረሻ «ሦስት ደቂቃ» ሲል የቀረው በጩኸት ተዋጠ። ሰዓቱ 3 ደቂቃ ከ59.4 ሴኮንድ ነበር።

ያ ተናጋሪ ማን ነበር? ኖሪስ መክዊርተር። መንትያ ወንድሙ ሮስ ይባላል። አባታቸው የጋዜጣ ሰው ስለነበሩ ልጆቹ ከጋዜጣ ላይ እውነታ እየቆረጡ ሲያጠራቅሙ አደጉ፤ ሲያድጉም ለንደን ውስጥ ለጋዜጦች መረጃ አጣርቶ የሚያቀርብ ቢሮ ከፈቱ። ያ ፊት መሪ ሯጭ ቻታዌይስ? የዕለት እንጀራው ከጊነስ ፋብሪካ ነበር! ሰር ሂው መጽሐፉን የሚጽፍ ሰው ሲፈልጉ ቻታዌይ «እኔ የማውቃቸው መንትዮች አሉ» አለ።

መንትዮቹ ተጠሩ፤ ተጠየቁ፤ መለሱ። ጨዋታው ወደ ቱርክ ቋንቋ ዞረና፣ ኖሪስ ቱርክኛ አይናገርም እንጂ ከደንብ ያፈነገጠ ግሥ በቋንቋው አንድ ብቻ መሆኑን ተናገረ። ሰር ሂው ከዚያ በላይ ፈተና አላስፈለጋቸውም።

እንዴት እንደሠሩ ልንገራችሁ፤ ጥበብ አለበትና። በየዘርፉ ላሉ ሊቃውንት ደብዳቤ ጻፉ። ደግሞም አንድ የሰው ጠባይ አስተዋሉ፦ በባዶ ሲጠይቁት የማይመልስ ሊቅ፣ ግምት ጽፈው ሲልኩለት ስሕተቱን ለማረም ይቸኩላል። ስለዚህ «ምን ያህል ነው?» ከማለት ይልቅ «ይህን ያህል ይመስለናል» እያሉ ጻፉ። እርማቱ እየጎረፈ መጣ። መጀመሪያ አንድ ሺህ ቅጂ ታትሞ በነፃ ታደለ። ከዚያም 198 ገጽ ያለው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 27 ቀን 1955 ተጠርዞ ወጣ፤ ለገና በብሪታኒያ የሽያጭ ዝርዝር አናት ላይ ተቀመጠ። ለመጠጥ ቤት ክርክር መዳኛ የታሰበው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ከ100 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል።

ክርክሩ መዳኛ ካገኘ ወዲያ ጨዋታው ራሱ ሥርዓት ያዘ። በ1976 ሻሮን በርንስና ቶም ፖርተር የተባሉ ሁለት ሰዎች፣ እሑድ ማታ ገበያ የሚቀዘቅዝባቸውን የደቡብ እንግሊዝ መጠጥ ቤቶች ለማነቃቃት የጥያቄ ውድድር አደራጁ። በ32 ቡድን ጀመሩ፤ ነገሩም እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ወዳጆች አንድ ቡድን ይሆናሉ፤ ለራሳቸው ስም ያወጣሉ። ጠያቂው ማይክሮፎን ይዞ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ ያነባል። መልስ በሹክሹክታ ይመከርበታል፤ ጎረቤት እንዳይሰማ። ወረቀቱን የሚያርመው ሌላው ጠረጴዛ ነው። ስልክ ማውጣት ነውር ነው። እዚያ ላይ ነው የምሽቱ ውበት የሚታየው፦ ስለ ኳስ ሁሉን የሚያውቀው ወጣት ስለ ነገሥታት ሲጠየቅ ዝም ይላል፤ ጥግ ላይ ዝም ብለው የተቀመጡት አዛውንት ያን ጊዜ ቀና ይላሉ። ብቻውን የሚሞላ ሰው የለም።

እኛም በዚያ ወረቀት ላይ አለን። «በዓመት አሥራ ሦስት ወር የሚቆጥር አገር ማነው?» ቢባል መልሱ ኢትዮጵያ ነው። «በ1960 የሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈ?» አበበ ቢቂላ። «ማራቶንን ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች በመሮጥ የመጀመሪያው?» ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፤ በ2008 በርሊን ላይ፣ በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ። የኦክስፎርዱ ሜዳና የበርሊኑ ጎዳና በአንድ ወረቀት ላይ ሲገናኙ ሳይ ልቤ ይሞላል።

የመንትዮቹን ፍጻሜ ሳልነግራችሁ አላልፍም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 27 ቀን 1975፣ ሮስ መክዊርተር በቤቱ ደጃፍ በአይሪሽ ሪፐብሊካን ጦር ታጣቂዎች ተተኩሶበት ሞተ። የቦምብ ጥቃት አድራሾችን ለሚጠቁም 50,000 ፓውንድ ወሮታ እንዲሰጥ የተነሣ ሰው ነበር። ኖሪስ ብቻውን ቀረ። ሥራውን ግን አልተወም፤ በቴሌቪዥን እየቀረበ ልጆች ለሚያቀርቡለት ጥያቄ ከቃሉ ይመልስ ነበር። በ2004 እስኪሞት ድረስ የእውነታ ሰው ሆኖ ኖረ። ግማሽ አካሉን ያጣ ሰው ለልጆች መመለሱን አለመተዉ፣ ከመጽሐፉ ሽያጭ ሁሉ የሚበልጥብኝ ነገር ነው።

«ወፏስ?» ትሉኝ ይሆናል። የእሷ ነገር ዛሬም ያከራክራል። በአጭር ርቀት፣ በድንገት ተነሥቶ ሲወረወር ግራውስን የሚያስቀድሙ አሉ፤ ፕሎቨርን የሚያስቀድሙም አሉ። ነፋሱ ከኋላ ነው ከፊት? ርቀቱ ስንት ነው? ፈርታ ነው የበረረችው ወይስ መንገደኛ ናት? አንዲት ቀላል የምትመስል ጥያቄ ስንት ጥያቄ እንደ ወለደች አያችሁ። ሰር ሂው የዚያን ማታ «አላውቅም፤ ልፈልገው» ባይሉ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተወለደ ነበር።

ዛሬ መልሱ ኪሳችን ውስጥ ነው፤ ስልኩን አውጥተን ከማሰላሰላችን በፊት እናየዋለን። ያ ሲሆን ክርክሩ ይሞታል፣ አዛውንቱም ጥጋቸው ውስጥ ዝም እንዳሉ ይቀራሉ። እባካችሁ መጀመሪያ ተጠያየቁ፤ ገምቱ፤ ተሟገቱ፤ መጽሐፉንም ስልኩንም ከዚያ በኋላ ክፈቱ። ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ሰብስቡና «እንቆቅልሽ» በሏቸው። እነሱም ይጠይቋችሁ። መልሱ ከጠፋችሁ ሳታፍሩ አገር ስጡ፤ ነገ ደግሞ እውነቱን ፈልጋችሁ ንገሯቸው።