ዐይኑ ዐ፦ የፊደላት ስም ከየኔታ እስከ እንግሊዝኛ መምህር

በደሴ ሰኞ ገበያ የሚለው የቦታ ስም የሚጻፈው በእሳቱ ሰ ሲሆን፣ ደሴን መናገሻቸው አድርገው በ1906 ዓ.ም. የነገሡት ራስ ሚካኤል የተቀበሉት «ንጉሠ ጽዮን» የሚለው ማዕርግ ግን ንጉሡን ሠ ይጠይቃል፤ ይሁንና ሁለቱን ሆሄያት በጆሮው የሚለይ አማርኛ ተናጋሪ የለም። እሳቱ፣ ንጉሡ፣ ጸሎቱ፣ ፀሐዩ፣ ሐመሩ፣ ብዙኃኑ የሚሉት መጠሪያዎች ያስፈለጉት በዚሁ ምክንያት ነው። የግዕዝ ፊደል በትምህርት ቤት ስሙና ድምፁ አንድ በመሆኑ የኔታ «ለ» ሲሉ ሕፃኑ መጠሪያውንም ንባቡንም በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ ነገር ግን በግዕዝ ልዩ ልዩ የነበሩት ድምፆች በአማርኛ አንደበት ሲዋሐዱ የሆሄያቱ ስምም አብሮ ተምታታ፣ መምህራንም ለእያንዳንዱ ሆሄ የሚጻፍበትን አንድ የታወቀ ቃል መለያ አድርገው ሰጡት። ስለዚህ «ሐመሩ ሐ» ማለት «ሐመር»፣ ማለትም መርከብ፣ የሚለው ቃል የሚጀምርበት ሐ ማለት ነው፤ ከደሴ በስተሰሜን የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ስምም የሚጀምረው በዚሁ ነው። ሐንና ዐን ከጉሮሮ አውጥቶ የሚናገረው የትግርኛ ተናጋሪ ለእነዚህ መለያ አያሻውም። እነዚህ ሆሄያት ትርፍ ናቸው ሲባል መዘንጋት የሌለበት፣ አማርኛ የተዋቸው ድምፆች የኖሩበትን ቦታ የሚያመለክቱት እነርሱ መሆናቸው ነው።

በዚያው በወሎ ምድር፣ በእንጨት ሉሕ ላይ ቁርኣን የሚማረው ልጅ አሊፍ፣ ባ፣ ታ እያለ የሚቆጥረው በሌላ ሥርዓት ነው። የዐረብኛ ሆሄ ከድምፁ የተለየ ስም አለው፤ የስሙ መጀመሪያ ድምፅ ግን የሆሄው ድምፅ ነው። ሓ፣ ኻ እና ሃ፣ ማለትም የሐመሩ ሐ፣ የብዙኃኑ ኀ እና የሃሌታው ሀ አቻዎች፣ እዚህ በቅጽል ሳይሆን በጉሮሮ ይለያሉ። ሼህ ጠልሃ ጀዕፈርን የመሰሉ የወሎ ሊቃውንት አማርኛ መንዙማ በዐጀም፣ ማለትም በዐረብኛ ሆሄያት፣ ሲጽፉ በአንድ ቋንቋ ላይ ሁለተኛውን የፊደል ልማድ ሠርተዋል።

ሁለቱ ትምህርት ቤቶች የሚገናኙበት አንድ ሆሄ አለ። የቤተ ክህነት ተማሪ «ዐይኑ ዐ» ይላል፣ የቁርኣን ተማሪ ደግሞ «ዐይን» ይላል፤ ሁለቱም የሚጠሩት ያንኑ ማያ አካል ነው። የሴም ሕዝቦች ይህን ሆሄ በመጀመሪያ የቀረጹት ከዐይን ሥዕል በመሆኑ የግዕዙ ዐ እስከ ዛሬ ክብ ነው። ግሪኮች ከፊንቄያውያን ሲቀበሉት ድምፁ በቋንቋቸው ስላልነበረ አናባቢ አደረጉት፣ በላቲን በኩል አልፎም እንግሊዝኛ «ኦ» ብሎ የሚጠራው ክብ ሆሄ ሆነ። አልፋው አ እና «ኤ» የሚባለው የእንግሊዝኛ ሆሄም እንዲሁ የአንድ አባት ልጆች ናቸው።

ታዲያ ይህ ሆሄ ስለ ምን «ኤ» ተባለ? ከ15ኛው እስከ 18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር ረጃጅም አናባቢዎች ከቦታቸው ተንሸራተቱ፤ በፊደል ገበታ ቋንቋ ሲነገር፣ የራብዑ በኃምስ፣ የኃምሱ በሣልስ መጠራት ጀመረ፣ የሣልሱም «አይ» ሆነ። ሌሎች ቋንቋዎች ግን እነዚያኑ የላቲን ሆሄያት በጥንቱ ድምፃቸው ይጠራሉ። የኢትዮጵያ ተማሪ «ኢ» ብሎ ሊጽፍ ሲል «አይ» የሚባለውን፣ «ኤ» ሊል ሲል «ኢ» የሚባለውን ሆሄ የሚያነሣው በዚህ ታሪክ የተነሣ ነው እንጂ በስንፍና አይደለም። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የመጡት የብሪታንያ መምህራን የመጨረሻውን ሆሄ «ዜድ» ሲሉ በ1950ዎቹ የደረሱት የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት «ዚ» ይሉ ነበር፤ ዜድ የግሪኩ ዜታ በፈረንሳይኛ በኩል ሲመጣ የያዘው ስም ሲሆን፣ ዚ ደግሞ ከቢና ከዲ ጋር ቤት እንዲመታ የተስተካከለ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የሐመሩ ሐ ዘመድ የሆነው «ኤች» ነው። ሮማውያን ሲጠሩት እስትንፋስ ነበረው፣ ፈረንሳይኛ ግን ድምፁን ስለጣለ ስሙ ያለ «ህ» ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፤ አየርላንዳውያን «ሄች» እያሉ የጎደለውን ሲመልሱለት ብዙ እንግሊዛውያን እንደ ስሕተት ይቆጥሩባቸዋል።