የመርፌው ቀጠሮና የማኅፀን በር ምርመራ

የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ሲቋቋም፣ የ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን ለሕዝብ ማስተዋወቅን ይገድብ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ብሔራዊው የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ በ1993 ወጣ። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ አገልግሎቱን እስከ ቀበሌ ጤና ኬላ አወረደው። በ2000 በዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙት ባለትዳር ሴቶች ከመቶ 6 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 በአገሪቱ 35፣ በአማራ ክልል 47 ደረሱ። ከሁሉም ይበልጥ የተመረጠው በየ3 ወሩ የሚወሰደው መርፌ ነው።

በዚሁ ዘመን ሌላ ጥያቄ ይጠና ነበር። ሐራልድ ዙር ሐውሰንና ባልደረቦቻቸው በ1983 በማኅፀን በር ነቀርሳ ውስጥ የፓፒሎማ ቫይረስ ዓይነት 16ን አገኙ፤ የበሽታው ዋና ምክንያት ቫይረሱ መሆኑም ከጊዜ በኋላ ተረጋገጠ። ታዲያ የሆርሞን መድኃኒት ድርሻ ምንድን ነው? በ2007 የታተመ የ24 ጥናቶች ድምር ትንተና መልስ ሰጠ። እንክብሉን 5 ዓመትና ከዚያ በላይ በመውሰድ ላይ ያሉ ሴቶች ለበሽታው ያላቸው ተጋላጭነት፣ ጨርሶ ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸር ወደ እጥፍ የተጠጋ ሆኖ ተገኘ። መውሰዱን ካቆሙ በኋላ ግን ይቀንሳል፤ በ10 ዓመት ውስጥም ጨርሶ ካልወሰዱት ጋር ይስተካከላል። በታዳጊ አገሮች እንክብሉን ከ20 ዓመት ዕድሜያቸው ጀምሮ ለ10 ዓመት ቢወስዱ፣ እስከ 50 ዓመት ዕድሜ ድረስ በበሽታው የሚያዙት ከ1,000 ሴቶች 7.3 መሆናቸው ቀርቶ 8.3 ይሆናሉ። ስለ መርፌው ያለው ማስረጃ ያነሰ ሲሆን፣ የታየውም ጭማሪ አነስተኛ ነው።

እንግዲህ ይህ ቁጥር መርፌውን ለማስጣል አይበቃም፤ ያልተፈለገ እርግዝና በእናት ላይ የሚያመጣው አደጋ ይታወቃልና። ቁጥሩ የሚጠይቀው ሌላ ነው። መከላከያው ወደ መንደር ሲወርድ የማኅፀን በር ምርመራ አብሮት አልወረደም። የደዋ ጨፋ ወይም የአርጡማ ፉርሲ ሴት መርፌዋን በአቅራቢያዋ ባለ ጤና ኬላ ታገኛለች፤ በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው ምርመራ ግን በአገሪቱ የሚሰጠው በሆስፒታሎችና በተመረጡ ጤና ጣቢያዎች ነው። በ2018 የተጀመረው የ14 ዓመት ልጃገረዶች ክትባትም ትውልዱን ይጠብቃል እንጂ፣ ዛሬ መርፌ የሚወስዱትን እናቶች አይደርስላቸውም።

ሆኖም መርፌው ራሱ አንድ ዕድል ይዞ መጥቷል። በየ3 ወሩ የምትመጣ ሴት በ5 ዓመት ውስጥ 20 ጊዜ ከጤና ሠራተኛ ፊት ትቀርባለች። ዕድሜዋ ከ30 እስከ 49 ከሆነ፣ ከ20ው ቀጠሮ በአንዱ ስለ ምርመራው በምትናገረው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ ሊነገራትና ወደ ከሚሴ ወይም ወደ ባቲ የምትወስደው የሪፈር ወረቀት ሊጻፍላት ይገባል። ከነቀርሳ በፊት የሚታየው ቁስለት በጊዜው ከተገኘ በቀላል ሕክምና ይወገዳልና፣ በዚያች ወረቀት ላይ የሚያርፈው የአንዲት እናት ሕይወት ነው።