ከሐረር መስመር እስከ ፋይበር፦ የኔትወርካችን ካርታ በማን እጅ ነው?

የኢትዮጵያ የስልክ ታሪክ ከ1886 ዓ.ም. ይጀምራል። በዚያ ዓመት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት የባቡር ሐዲድ ውል ከሐዲዱ ጎን የመልእክት ሽቦ መዘርጋትንም ያካተተ ነበር። ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው የመጀመሪያው ረጅም መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን ስልኩ ግን ብዙ ዓመት ቀድሞታል። መስመሩ ሐረርን የመረጠው በምክንያት ነው። ሐረር ያኔ ወደ ባሕሩ መውጫ በር ነበረች፤ የውጭው ንግድም፣ መሣሪያውም፣ የውጭ መንግሥታት ወሬም በዚያ በኩል ይገባ ነበር።

ያን መስመር ለማወቅ ካርታ አያስፈልግም ነበር። ምሰሶውን ዓይን ያየዋል፤ ሁለት ጫፍ ያለው አንድ ሽቦ ነው። ቀጥሎ ወደ ሌሎች ጠቅላይ ግዛቶች የተዘረጉትም መስመሮች አካሄዳቸው ያው ነበር፦ ገዥ ወዳለበት፣ ጉምሩክ ወዳለበት፣ ጦር ወዳለበት። ሁሉም በአንድ ወረቀት ላይ ቢሰመሩ የሚታየው የሥልጣን መንገድ ነው። በሁለት መስመሮች መካከል የሚኖረው ገበሬ ሽቦው በእርሻው ዳር ቢያልፍም ከመስመሩ ውጪ ነበር። ይህን መለስ ብዬ የማነሳው በአፄዎቹ ለመፍረድ አይደለም። ኔትወርክ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ «የት ይድረስ?» የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው የሠራው አካል ራሱ እንደነበረ ለማሳየት ነው። ይህ ልማድ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል።

በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ቴሌኮም 1.5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። በ1945 ዓ.ም. ደግሞ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ በየዘመኑ ስሙ ተለዋወጠ፤ አንድ ነገር ግን አልተለወጠም። መስመሩን የሚዘረጋው፣ አገልግሎቱን የሚሸጠው፣ የደረሰበትንና ያልደረሰበትን የሚናገረው አንድ ቤት ነበር። ሕዝቡ ሁሉንም «ቴሌ» ብሎ መጥራቱ ትክክል ነበር።

በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 49 ተቆጣጣሪው ኤጀንሲ ከቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽኑ ተለየ። በወረቀት ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ተቆጣጣሪው የሚቆጣጠረው አንድ ድርጅት ብቻ፣ የሁለቱም ባለቤት መንግሥት በሆነበት ሁኔታ፣ የራሱን ካርታ ለመሥራት የሚያስገድደው ነገር አልነበረም። ካርታው በኮርፖሬሽኑ መሐንዲሶች መሳቢያ ውስጥ ቆየ። የሌላ ሰው መረጃ እያነበበ የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት ቁጥጥሩ መረጃውን ከሰጠው አካል ፈቃድ አያልፍም።

እስከዚያው ድረስ ኔትወርኩ ራሱ ባሕርዩን ቀየረ። ኢንተርኔት በ1989፣ ሞባይል በ1991 ዓ.ም. ገባ። በ1998 ዓ.ም. ማብቂያ ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር በድምሩ የ1.6 ቢሊዮን ዶላር የማስፋፊያ ስምምነት ተፈረመ። ሽቦ ወይ አለ ወይ የለም። የታወር ሞገድ ግን እንደ መልክዓ ምድሩ ነው፤ ተራራው ይከልለዋል፣ ሸለቆው ይውጠዋል፣ መብራት ሲጠፋና ባትሪው ሲያልቅ ጭራሹን ይሰወራል። እንደኛ ባለ ተራራማ አገር ከጋራው ወዲህ ያለው መንደር ቪዲዮ እያየ፣ ከጋራው ወዲያ ያለው ለአንድ ጥሪ ኮረብታ ይወጣል። ሁለቱ መንደሮች ግን በአንድ ቀበሌ ስም ይቆጠራሉ። «ከሕዝቡ ይህን ያህል መቶኛ ተሸፍኗል» የሚለው ዘገባ ሐሰት ሳይሆን ሊያሳስት የሚችለው እዚህ ላይ ነው። ሕዝብ ከተማ ላይ ስለሚጠጋ በሕዝብ ቁጥር የሚሰላ ሽፋን በመሬት ስፋት ከሚሰላው አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል። ሰፊው ባዶ ቦታ በቁጥሩ ውስጥ አይታይም።

የመቁጠሪያው መለኪያ ምን ያህል ሰው እንደሚሰውር ለማየት ከአሜሪካ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የአገሪቱ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ኩባንያዎች «ፎርም 477» በሚባል ቅጽ የት እንደሚያገለግሉ እንዲያሳውቁ አደረገ። መጀመሪያ መረጃው በፖስታ ኮድ ነበር፤ በኋላ ወደ ሕዝብ ቆጠራ ብሎክ ወረደ። ብሎክ በከተማ አንድ የቤቶች ስብስብ ነው፤ በገጠር ግን ተራራና ሜዳ ሊያካልል ይችላል። ደንቡ እንዲህ ይል ነበር፦ በአንድ ብሎክ ውስጥ አንድ ቤት አገልግሎት ካገኘ ወይም ሊያገኝ ከቻለ ብሎኩ በሙሉ እንደተሸፈነ ይቆጠራል። በዚህ ስሌት ከዋናው መንገድ ርቆ የሚኖረው ገበሬ የጎረቤቱ ፋይበር የእሱም ሆኖ ተጻፈለት። ጉዳቱ ቁጥር ላይ ብቻ አልቆመም፤ የመንግሥት ድጎማ «ላልተሸፈነ ቦታ» ስለሚሰጥ፣ ተሸፍኗል የተባለው ገበሬ ድጎማውንም አጣ።

እ.ኤ.አ. በ2018 ማይክሮሶፍት በራሱ መረጃ ተነሥቶ 162.8 ሚሊዮን አሜሪካዊ በብሮድባንድ ፍጥነት ኢንተርኔት እንደማይጠቀም ገለጸ። የኮሚሽኑ ቁጥር በዚያን ጊዜ ብሮድባንድ ያልደረሰው ሕዝብ ወደ 25 ሚሊዮን ነው ይል ነበር። ሁለቱ የሚለኩት አንድ ነገር አይደለም፤ አንዱ መጠቀምን፣ ሌላው መድረስን ነው። እንዲያም ሆኖ ልዩነቱ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አልነበረም። በማግሥቱ ዓመት የባሰ ነገር ታየ፦ አንድ አነስተኛ ኩባንያ በቅጹ ላይ በ8 ስቴቶች ወደ 62 ሚሊዮን ሰው በፋይበር እደርሳለሁ ብሎ ሞልቶ፣ ኮሚሽኑ ያን ቁጥር ሳያጣራ በረቂቅ ሪፖርቱ አስገብቶት ኖሯል። ስሕተቱን ያገኘው ኮሚሽኑ ሳይሆን ፍሪ ፕሬስ የተባለ የሕዝብ ተሟጋች ድርጅት ነው።

የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ሕግ አውጥቶ ሥራውን ከሥር አስቀየረ። አዲሱ ካርታ በኅዳር 2022 ወጣ። መነሻው ብሎክ ሳይሆን ቤት ነው፤ ከ113 ሚሊዮን በላይ ቤትና ድርጅት አንድ በአንድ ተለይቶ ተቀመጠ። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። ሕጉ ማንኛውም ሰው የራሱን ቤት ካርታው ላይ ፈልጎ «እዚህ የተጻፈው አገልግሎት አይደርሰኝም» ብሎ እንዲከራከር፣ ኩባንያውም መልስ እንዲሰጥ አስገደደ። በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ 42.45 ቢሊዮን ዶላር ለስቴቶች የተከፋፈለው በዚህ ካርታ መሠረት ነው። ካርታው ላይ የአንድ ነጥብ ቀለም መቀየር የገንዘብ ጉዳይ ሆነ፤ ስለዚህም ገዥዎችና ከንቲባዎች ሳይቀሩ ነዋሪው ቤቱን እንዲፈትሽ ቀሰቀሱ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ሲያቋቁም ገበያውን ለሌላ ኦፕሬተር ከፈተ። በ2013 ዓ.ም. በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ ወሰደ፤ በነሐሴ 2014 በድሬዳዋ፣ በመስከረም 2015 በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። የመቶ ዓመቱ ልማድ ያበቃው በዚህ ነው ማለት ይቻላል። አዲሱ ኦፕሬተር ታወር ሊጋራ ይችላል፤ ፋይበርም ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የማስተላለፊያ መስመሮች ላይ ሊከራይ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ባለሥልጣኑ ፊት የሚቀርቡት ጥያቄዎች ካርታ የሚጠይቁ ናቸው፦ የትኛው ታወር ሁለተኛ አንቴና ይሸከማል? በየትኛው ቱቦ ውስጥ ክፍት ቦታ አለ? ሁለት ድርጅቶች በአንድ ከተማ ጎን ለጎን እየቆፈሩ፣ ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለውን ወረዳ ሁለቱም የዘለሉት ለምንድን ነው? የራሱ ካርታ የሌለው ዳኛ ለእነዚህ ጥያቄዎች ከተከራካሪዎቹ የአንዱን ቃል ከመቀበል በቀር አማራጭ የለውም።

ባለሥልጣኑ የራሱ ካርታ የሚያስፈልገው ሌላው ምክንያት ከእግራችን በታች ነው። በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በየምሰሶው ተንጠላጥለው የነበሩ ገመዶች ወደ መሬት ገቡ። ከተማዋ አምራለች። ነገር ግን በምሰሶ ላይ የነበረውን ገመድ ማንም ያየው ነበር፤ የተቀበረውን የሚያሳየው ካርታው ብቻ ነው። ካርታው ትክክል ካልሆነ ነገ የውኃ ቱቦ ሊጠግን የመጣው ቆፋሪ የአንድ ክፍለ ከተማ ኢንተርኔት ይቆርጣል። መንገዱ፣ ውኃው፣ መብራቱና ቴሌው በየራሳቸው ንድፍ የሚቆፍሩበት ጊዜ ያስከፈለንን የከተማ ነዋሪ ሁሉ ያውቀዋል።

«ይህ መረጃ ይፋ ቢወጣ ለጥፋት ይጋለጣል» የሚለውን ስጋት አልንቀውም። ጦርነትና ግጭት ያየ አገር ፋይበር ሲቆረጥ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ግን መፍትሔው ሁሉንም መደበቅ አይደለም። ጀርመን ቱቦና ፋይበር የት እንዳለ የሚያሳየውን አትላስ በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እጅ አድርጋ ለመንግሥት አካላትና ኔትወርክ ለሚያስፋፉ ብቻ በገደብ ታሳያለች፤ አገልግሎቱ የት እንደሚደርስ የሚያሳየው ካርታ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። የኬብሉ መንገድ ሊጠበቅ ይገባዋል። ኔትወርኩ የት እንደሌለ ማወቅ ግን ምስጢር ሊሆን አይችልም፤ እዚያ የሚኖረው ሰው በየቀኑ ያውቀዋልና።

ስለዚህ ባለሥልጣኑ ሊሠራው የሚገባው ካርታ ከቀበሌ በታች ወርዶ ጎጥ ድረስ መድረስ አለበት። መነሻ የሚሆን ነጥብ አናጣም፦ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ኬላው፣ የገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በየቦታው ቆመው አሉ። በየነጥቡ የሚጻፈው «ታወር አለ» ብቻ መሆን የለበትም። ታወሩ ባለፈው ወር ስንት ሰዓት ሠራ? መብራት አለው? ኢንተርኔቱ በእውነት ይከፈታል? ልኬቱ የተወሰደው መቼ ነው? መረጃውን ኦፕሬተሮቹ ይስጡ፤ ባለሥልጣኑ በራሱ ባለሙያ ቦታው ድረስ ሄዶ ይለካ፤ የጤና ኬላዋ ባለሙያም በአጭር መልእክት «እዚህ የለም» ብላ የምትከራከርበት ቁጥር ይኑራት። ዐረብ አገር ያለች ልጇን ለማነጋገር በቀጠሮ ኮረብታ የምትወጣ እናት ከማንም መሐንዲስ ይልቅ የአካባቢዋን ሽፋን ታውቃለች።

አዋጅ ቁጥር 1148 ኔትወርክ ላልደረሰባቸው አካባቢዎች ገንዘብ የሚመድብ የሁለንተናዊ ተደራሽነት ፈንድንም ይደነግጋል። ከዚያ ፈንድ ለአንድ ታወር ብር ከመውጣቱ በፊት ባዶ ተብለው የተለዩት ጎጦች ዝርዝር በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ስማቸው የቀረባቸው ደግሞ የሚያመለክቱበት ጊዜ ይሰጣቸው።