ኢንተግሪን

ኢንተግሪን የእንስሳት ሕዋሳት ከአካባቢያቸው፣ አንዳንዴም እርስ በርሳቸው የሚያያዙበትና መልእክት የሚቀባበሉበት የፕሮቲን ቤተሰብ ነው። እያንዳንዱ ሞለኪውል የሕዋሱን ሽፋን ዘልቀው ከሚያልፉ ሁለት ሰንሰለቶች፣ ከአልፋና ከቤታ፣ ይሠራል። በሰው 18 የአልፋና 8 የቤታ ዓይነቶች ሲታወቁ፣ የተገኙት ጥምረቶች ግን 24 ብቻ ናቸው።

ስያሜ
ስሙን በ1986 እ.ኤ.አ. ያወጣው ናይሮቢ በተወለዱት በሪቻርድ ሃይንስ የሚመራው ቡድን ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ ፕሮቲኑ ከሕዋስ ውጭ ያለውን መረብ ከሕዋሱ አጽም ጋር ማዋሐዱን ያመለክታል።

አሠራር
መልእክቱ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል። ታሊን የተባለ ፕሮቲን ከውስጥ የቤታን ጅራት ሲይዝ፣ ጎንበስ ብሎ የቆየው የውጭው ክፍል ቀና ብሎ አጥብቆ ይይዛል። ከውጭ የተያያዘው ደግሞ ሕዋሱ እንዲቆይ፣ እንዲከፋፈል ወይም እንዲንቀሳቀስ ወደ ውስጥ ምልክት ይልካል። ጎንበስ ያለው ቅርጽ ጭራሽ አይይዝም ወይስ በመጠኑ ይይዛል የሚለው ግን ተመራማሪዎችን አከራክሯል።

የእባብ መርዝና የደም መርጋት
በ1984 ኤርኪ ሩዎስላህቲና ማይክል ፒርሽባከር ብዙ ኢንተግሪኖች የሚይዙትን ምልክት ለይተዋል፦ አርጂኒን፣ ግላይሲንና አስፓርቲክ አሲድ የተባሉት አሚኖ አሲዶች ተከታትለው ሲገኙ። የሚደንቀው፣ የአንዳንድ እፉኝቶች መርዝም ይህንኑ ምልክት ይዞ መገኘቱ ነው። ደም የሚረጋው አርጊ ሕዋሳት (ፕላትሌት) በኢንተግሪን አማካይነት ፋይብሪኖጅን የተባለውን የደም ፕሮቲን ይዘው ሲተሳሰሩ ነው፤ መርዙ ቦታውን ቀድሞ ስለሚይዝ ሕዋሳቱ መተሳሰር ያቅታቸዋል። ጅራቱን የሚያንቃጭል አንድ ትንሽ የአሜሪካ እባብ መርዝ ውስጥ ያለው ፕሮቲን በአርጂኒን ፈንታ ላይሲን ስላለው፣ የአርጊ ሕዋሳትን ኢንተግሪን ለይቶ ያጠቃል። ኤፕቲፊባታይድ የተባለው የልብ ሕመም መድኃኒት በዚህ አርአያ ተሠርቶ በ1998 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ይኸው ኢንተግሪን በውርስ ሲጎድል ደግሞ ግላንዝማን የተባለው የመድማት ሕመም ይከሰታል።

አመጣጥ
ኢንተግሪን የእንስሳት ብቻ ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ታምኗል። በ2010 የወጣ ጥናት ግን ካፕሳስፖራ በተባለ፣ በቀንድ አውጣ ውስጥ በሚኖር ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር ውስጥም አገኘው። ስለዚህ ቤተሰቡ እንስሳት ከመገኘታቸው በፊት የነበረ ይመስላል፤ የሚጎራበተው ሕዋስ ለሌለው ፍጡር ምን ይሠራለት እንደነበር ግን ገና አከራካሪ ነው። ምናልባት ከመሬት ጋር ለመያያዝ ሊሆን ይችላል።

ሽልማት
ሃይንስ፣ ሩዎስላህቲና ቲሞቲ ስፕሪንገር ስለ ኢንተግሪኖች ባገኙት ግኝት የ2022ን የላስከር ሽልማት ተጋርተዋል።