መምህሩን ማን አስተማረው?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ከሥራ ቦታዬ ነው ይዤው የመጣሁት።

እኔ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት ለአንደኛ ደረጃ መምህራን በተዘጋጀ ሂሽታልሙት ላይ ነበርኩ፤ ትምህርቱ ልጆችን መጻፍ እንዴት እናስተምር የሚል ነው። ከሥራ በኋላ ስለሆነ ደክሞኛል፣ ቡናዬም ቀዝቅዟል። አሠልጣኟ ባዶ ወረቀት አደለችንና «መጻፍ ያስተማራችሁን ሰው አስታውሱ። እንዴት እንዳስተማራችሁም ጻፉ» አለች። ሌሎቹ መጻፍ ጀመሩ። እኔ ወረቀቱን እያየሁ ቀረሁ። ፊደል ያስቆጠሩኝን አስታውሳለሁ። ስህተቴን በቀይ ያሰመሩብኝንም አስታውሳለሁ። ሐሳቤን ወደ ወረቀት እንዴት እንደማመጣው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያሳየኝ ሰው ግን ትዝ አላለኝም።

ማታ አያቴ ቤት ሄጄ ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኳቸው። እሳቸው ትንሽም አላመነቱም። «የኔ መምህርማ ከእስራኤል ተመልሶ የመጣ ወጣት ነበር» አሉኝ።

ከእስራኤል ወደ ጎንደር? ያኔ? እኛ ሁልጊዜ የምንሰማው ከዚያ ወደዚህ ስለመምጣት ነው። ታሪኩን ለመረዳት ትንሽ ወደኋላ እንሂድ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በድሮ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በእኛም በክርስቲያኖቹም ዘንድ፣ ማንበብና መጻፍ አብረው የሚሰጡ ትምህርቶች አልነበሩም። ልጅ ፊደል ይቆጥራል፣ ንባብ ይለምዳል፣ ዳዊት ይደግማል። መጻፍ ግን ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ መቃ ቀርጾ የሚሠራ የጸሐፊ ሙያ ነው። ስለዚህ ዳዊትን በግዕዝ አቀላጥፎ የሚያነብ ሰው አንዲት ደብዳቤ መጻፍ ባይችል ማንም አይገረምም። የአያቴ አባት እንደዚያ ነበሩ። ዳዊት ያነባሉ፤ ፈርሙ ሲባሉ ግን አውራ ጣታቸውን ነው ቀለም የሚያስነኩት።

ይህን ለመለወጥ ትምህርት ቤት መክፈት ብቻ አይበቃም፤ መጀመሪያ አስተማሪ ያስፈልጋል። ዶክተር ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በ1905 ሲመለሱ ሁለት ወጣቶችን ይዘው ወደ አውሮፓ ሄዱ። አንዱ ታምራት አማኑኤል ናቸው። ታምራት መጀመሪያ የገቡት ፓሪስ በሚገኘው የአሊያንስ የመምህራን ማሠልጠኛ ነው፤ ቀጥሎ ፍሎረንስ ተማሩ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ሲከፈት መሪው እሳቸው ሆኑ። ሌሎች ወጣቶችም ተራ በተራ ውጭ አገር ተላኩ፤ ከነዚህ አንዱ ዮና ቦጋለ ናቸው። ከዚያ በ1935 የጣሊያን ወረራ መጣና ያ ሁሉ ልፋት ተቋረጠ።

ሁለተኛው ሙከራ የመጣው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። በ1955 ሶክኑት አስመራ ላይ ለቤተ እስራኤል መምህራን ማሠልጠኛ ከፈተ። ከየመንደሩ የተመረጡ ወጣቶች ገቡ፤ ቄሶችም አብረዋቸው ተማሩ። በዚያው ዓመት 12 ልጆች እዚህ እስራኤል፣ ራዓናና ወዳለው ክፋር ባትያ የወጣቶች መንደር ተላኩ። በ1956 ሌሎች ተከተሏቸው፤ በጠቅላላው 27 ሆኑ። ልብ በሉ፣ ይህ አሊያ አልነበረም። የተላኩት ተምረው ወደ መንደራቸው ተመልሰው እንዲያስተምሩ ነው። ቤተሰቡ ዕድሜ ልኩን ወደ ኢየሩሳሌም ዞሮ ሲጸልይ የኖረ ልጅ፣ አገሩን አይቶ፣ «በል አሁን ተመለስና አስተምር» ተባለ።

የአያቴ መምህር እንዲህ ከተመለሱት አንዱ ነው። አያቴ ሲያወሩ እጃቸው ይንቀሳቀሳል። «መጀመሪያ ቀን እርሳስ አልሰጠንም። ተንበርክኮ ጣቴን ያዘና አፈር ላይ ‹ላ›ን አስጻፈኝ። በማግስቱ ‹ም›ን። ሦስተኛው ቀን ‹ላም› ሆነ። ሁለት ወር ያህል ከቆየን በኋላ፣ ‹ዛሬ ጠዋት ቤታችሁ ምን ሆነ? እሱን ጻፉ› አለን። እኔም ‹ላማችን ወለደች› ብዬ ጻፍኩ። ቤት ወስጄ ለአባቴ ሰጠኋቸው። አነበቡትና ዝም ብለው ቆዩ።»

እኔ ይህን ስሰማ ሂሽታልሙቱ ትዝ አለኝ። 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው። ሁሉንም በቃሉ የሚወርድ ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር ከራሱ ማውጣት ሊያቅተው ይችላል። ያ መምህር ይህን ያውቅ ነበር፤ ያወቀው ደግሞ ጎበዝ ስለሆነ ብቻ አይደለም። እሱንም ያስተማረው ሰው ነበር።

ግን ብዙ አልቆየም። ገንዘቡ አጠረና በ1950ዎቹ መጨረሻ አብዛኞቹ የመንደር ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መምህሩም ሥራ ፍለጋ ሄደ። አያቴ ከፍ ሲሉ ታናሽ እህታቸውንና የጎረቤት ልጆችን ራሳቸው ማስተማር ጀመሩ።

«ማንበብ ቻሉልኝ» አሉ። «መጻፍ ላይ ግን ቀሩ። እኔ ራሴ እጽፋለሁ፤ እንዴት እንደሚያስተምሩት ግን አላውቅበትም። ጻፉ ስላቸው ከሰሌዳው ይገለብጣሉ፣ በቃ። ለመምህሬ ያሳየው ነበር፣ ለእኔ ማን አሳየኝ?»

ከዚያ ተነሥተው የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። ውስጡ ደብዳቤዎች አሉ። አያቴ በሱዳን አቋርጠው በዘመቻ ሙሴ የመጡት በ1984 መጨረሻ ነው። እህታቸው የመጡት በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ነው። መሃል ላይ ከስድስት ዓመት በላይ አለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ደብዳቤ የሚመጣው ሰው ሲገኝ በሰው እጅ ነበር። አንድ በአንድ አየኋቸው። የሁሉም ጽሕፈት ይለያያል፤ ቃሉ ግን አንድ ነው። «ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ አምላከ እስራኤል ይመስገን ደህና ነኝ።» ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ።

በ1991 እህታቸው ያረፉበት ሆቴል ሄደው ሲገናኙ፣ አያቴ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ትንሿ ልጅ ነው። ልጅቷ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏታል።

«ለምን አልጻፍሽልኝም?» አሏቸው።

«ወንድምዓለሜ፣ ያንተን ደብዳቤ እኔው ራሴ ነው የማነበው። መልሱን ግን ሌላ ሰው ነው የሚጽፍልኝ። ይህን ለባዳ እንዴት ብዬ ልንገረው?»

አያቴ ቆርቆሮውን ዘጉ። «እኔ ነኝ ያላስተማርኳት» አሉ። አባባ፣ የርስዎ ጥፋት አይደለም አልኳቸው። እውነትም አይደለም። አንድ መምህር ሠልጥኖ፣ ሌላ ሳያሠለጥን ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የመጣው ልጅ ምን ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ የተረፈው መገልበጥ ነው።

ይህን ለምን ነገርኳችሁ? ከእናንተ መካከል አስተማሪ የሆናችሁ፣ በማታ ልጆችን የምታስጠኑ፣ ታናሽ ወንድማችሁን የቤት ሥራ የምታሠሩ ብዙዎች ናችሁ። መጻፍ ስለምንችል ማስተማር የምንችል ይመስለናል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ክፍሌ ውስጥ አንድ ልጅ አለ፤ ጽሕፈቱ ያምራል፣ የሰሌዳውን ሁሉ ይገለብጣል፣ ከራሱ ግን አንድ መስመር ጽፎ አያውቅም። ሰነፍ ነው ብዬ ነበር።

በማግስቱ ወንበሬን አጠገቡ አድርጌ «ዛሬ ጠዋት ቤታችሁ ምን ሆነ?» አልኩት። መጀመሪያ በቃል ነገረኝ። «እሱን ራሱን ጻፈው» አልኩት። ሩብ ሰዓት ፈጀበት። «እማዬ ከሥራ መጣች። እኔ ስወጣ ተኛች።» ሁለት መስመር ናት። ምንም አላሰመርኩባትም።

ለዛሬ የምጠይቃችሁ ይህን ነው፤ በዚህ ሳምንት ቤታችሁ ያሉትን ትልልቅ ሰዎች መጻፍ ማን እንዳስተማራቸው ጠይቋቸው። አልተማርንም ካሉም፣ ደብዳቤያቸውን ማን ይጽፍላቸው እንደነበር ጠይቁ። የነገሯችሁንም በእጃችሁ ጻፉት።

እኔ ሰኞ ማታ ሂሽታልሙት አለብኝ፤ ያንን ባዶ ወረቀት ሞልቼ ነው የምሄደው። እስከሚቀጥለው ዝግጅታችን ደህና ሁኑልኝ። ሻሎም።