ከበሩ ወዲያ

በዛሬው የታሪክ ማስታወሻ የምናነሳው መናፍስት ሰፍረውበታል ስለሚባል ቤት የተሠራ አንድ ፊልም ነው። «ዘ ሆንቲንግ» ይባላል፤ ለተመልካች የቀረበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ነው። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው። ደም አይፈስበትም፤ ጭራቅ አይታይበትም፤ መንፈሱ ራሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ እንኳ ብቅ አይልም። ይሁንና ታዋቂው ዳይሬክተር ማርቲን ስኮርሴዚ እጅግ አስፈሪ የሚላቸውን ፊልሞች ሲዘረዝር በአንደኛነት ያስቀመጠው ይህንኑ ነው። ፊልሙ ከ60 ዓመት በኋላም ያስፈራል። የሚያስፈራው በአብዛኛው በጆሮ በኩል ነውና የሬዲዮ አድማጭ ነገሩን ከማንም ቀድሞ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ።

መነሻው መጽሐፍ ነው። አሜሪካዊቷ ደራሲ ሸርሊ ጃክሰን ሂል ሃውስ ስለተባለ ቤት የጻፈችው ልብ ወለድ በ1959 ታተመ። መናፍስትን የሚያጠና አንድ ምሁር፣ ክፉ ስም ወደወጣለት አሮጌ ቤት ጥቂት እንግዶች ይጋብዛል። ከተጋባዦቹ አንዷ ኤሊኖር ናት። ኤሊኖር 11 ዓመት ሙሉ የታመመች እናቷን ስታስታምም ወጣትነቷ ያለፈባት ሴት ናት። አሁን እናት ሞታለች፤ እሷም በእህቷ ቤት ተጠግታ ትኖራለች። የሚጠብቃት ሰው የለም፤ የኔ የምትለው ቤት የለም። ግብዣው ሲደርሳት ከእህቷ ጋር በጋራ የገዙትን መኪና ሳታስፈቅድ ይዛ ትወጣለች። መንገድ ላይ ደስታዋን ማየት ያሳዝናል፤ የምትሮጠው ሰው ሁሉ ወደሚሸሸው ቤት ነውና።

ፊልሙን የሠራው ሮበርት ዋይዝ ነው። ዋይዝ «ዌስት ሳይድ ስቶሪ»ን በ1961፣ «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ»ን ደግሞ በ1965 ሠርቶ በሁለቱም የኦስካር ሽልማት ወስዷል። በነዚያ ሁለት ታላላቅ የሙዚቃ ፊልሞች መካከል ነው ይህን ጨለማ ቤት የገባው። ሰውየው ቀደም ሲል በአርኬኦ ስቱዲዮ የድምፅ ክፍል ሠርቷል፤ ኋላም «ሲቲዝን ኬን»ን ያቀናበረው እሱ ነው። በዳይሬክተርነት የመጀመሪያውን ዕድል የሰጠው ቫል ሌውተን የተባለ ፕሮዲዩሰር ነው። ሌውተን ከስቱዲዮው የሚሰጠው ገንዘብ ትንሽ ስለነበር አስፈሪውን ነገር በጥላና በድምፅ ብቻ መግለጽን ሙያ አድርጎት ነበር፤ ተመልካቹ ራሱ በልቡ የሚፈጥረው ፍርሃት ከማናቸውም አልባሳትና ጭምብል እንደሚበልጥ ያምን ነበር። ሌውተን በ1951 ሞተ። ደቀ መዝሙሩ ዋይዝ ትምህርቱን አልረሳም።

ቀረጻው የተካሄደው በእንግሊዝ አገር ነው፤ ወጪውም 1 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነበር። ከውጭ የምናየው ቤት በስትራትፎርድ አቅራቢያ የሚገኘው ኤቲንግተን ፓርክ ሲሆን፣ ውስጡ የተሠራው ግን ቦርሃምዉድ ባለው ስቱዲዮ ነው። የቤቱ ድንጋይ የሞተ እንዲመስል፣ ሰማዩም እንዲጠቁር የውጭውን ትዕይንት በኢንፍራሬድ ፊልም ቀረጹት። ውስጡን ደግሞ ዋይዝ ከፓናቪዥን ኩባንያ በለመነው አዲስ ሰፊ ሌንስ አነሳው። ሌንሱ ገና ተሠርቶ ያላለቀ ነበር፤ ግድግዳ ያጎብጣል፣ ጠርዝ ያጣምማል። ኩባንያው ኋላ ክስ እንዳይመጣበት ዋይዝን ጉድለቱን አውቄ ወስጃለሁ የሚል ወረቀት አስፈረመው። ዋይዝ የፈለገው ግን ጉድለቱን ነበር።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ።

(ከሩቅ የሚመጣ የመደብደብ ድምፅ)

የመጀመሪያው ሌሊት ነው። ኤሊኖር ተኝታለች። ከኮሪደሩ መጨረሻ ግድግዳ የሚደበድብ ነገር ይሰማል። እሷም ከእንቅልፏ ሳትነቃ እናቷ መስላት ትመልሳለች። ለምን? እናቷ በሕይወት ሳለች በሌሊት የምትጠራት ግድግዳ እየመታች ነበር። በሞተችበት ሌሊትም ሳትመታ አልቀረችም፤ ኤሊኖር ግን አልተነሳችም። ሰምታ ዝም ብላ ይሁን፣ ወይም እንቅልፍ አሸንፏት፣ ራሷም አታውቀውም። እንግዲህ ያ መደብደብ ለእኛ መንፈስ ነው፤ ለእሷ ክስ ነው። ሁለቱ ሴቶች፣ ኤሊኖርና ሌላዋ ተጋባዥ ቲዮ፣ ተቃቅፈው በሩን ያያሉ። ድምፁ እየቀረበ መጥቶ በሩ ላይ ይቆማል። ዙሪያውን ይዳብሳል። እጀታው ቀስ ብሎ ይዞራል። በሩ ግን አይከፈትም። በእኔ አስተያየት በዚህ ዓይነት ፊልም ታሪክ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ደቂቃ የለም፤ ሰው ከምንም በላይ የሚፈራው አድራሻውን የሚያውቅ ነገር ነውና።

ዋይዝ ድምፆቹን አስቀድሞ አስቀርጾ ተዋናዮቹ እየሰሙ እንዲጫወቱ አድርጓል። በሌላ ትዕይንት ደግሞ ትልቁ የእንጨት በር እንደሚተነፍስ ደረት ወደ ውስጥ ይነፋል። ያ ሁሉ ድንጋጤ የተገኘው ከተነባበረ ስስ እንጨት በተሠራ በርና ከበስተኋላው በጉልበቱ ከሚገፋ ሠራተኛ ነው።

የእጅ ትዕይንቱንም ሳልጠቅስ አላልፍም። በጨለማ ውስጥ ካሜራው የግድግዳውን ጌጥ ያሳየናል፤ ቅርጹ ቀስ በቀስ ፊት እየመሰለ ይሄዳል። ከወዲያ ሕፃን ያለቅሳል። ኤሊኖር የቲዮን እጅ አጥብቃ ይዛለች፤ አሁንስ እያመመኝ ነው እስክትል ድረስ። መብራቱ ሲበራ ቲዮ ከክፍሉ ማዶ በሌላ አልጋ ላይ ናት። የተያዘው እጅ የማን ነበር? ፊልሙ አይመልስም።

ኤሊኖርን የተጫወተችው ጁሊ ሃሪስ በቀረጻው ወቅት ድብርት ይዟት ከሌሎቹ ተነጥላ ትቀመጥ ነበር። ቲዮ ሆና የተወነችው ክሌር ብሉም ጠልታኛለች ብላ አዝና እንደነበር፣ ሃሪስም ሥራው ካለቀ በኋላ ሄዳ ምክንያቱን እንደነገረቻት ተርካለች። ያ ብቸኝነት ፊልሙ ላይ ይታያል።

መናፍስቱ በርግጥ አሉ ወይስ የኤሊኖር አእምሮ ነው የሚፈጥራቸው? ስክሪፕቱን የጻፈው ኔልሰን ጊዲንግ ሁሉም በሕመምተኛ ሴት ጭንቅላት ውስጥ የሚካሄድ መስሎት ነበር። እሱና ዋይዝ ደራሲዋን ጃክሰንን ሲጠይቋት ሐሳቡን ብትወደውም የጻፈችው ግን ስለ መናፍስት መሆኑን ነገረቻቸው። ዋይዝ ሁለቱንም መንገድ ክፍት ትቶታል፤ ተመልካችም እስካሁን ይከራከርበታል። ጃክሰን በ1965፣ በ48 ዓመቷ አረፈች።

በ1999 ሆሊዉድ ታሪኩን እንደገና ሠራው። በጀቱ 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ሐውልቶች በኮምፒውተር ነፍስ ዘርተው ይንቀሳቀሳሉ፣ የቤቱ ባለቤት መንፈስም ፊት ለፊት ይወጣል። በሩ ተከፈተ ማለት ነው፤ ከጀርባው የወጣው ነገር ግን አላስፈራኝም። በ2018 የቀረበው የማይክ ፍላናጋን ተከታታይ ድራማ የተሻለ ነው፤ የቤተሰብ ሐዘንን ወደ ቤቱ መልሶ አስገብቷል። በ1963ቱ ፊልም ወጣቱን ሉክን የተጫወተው ረስ ታምብሊንም፣ ሸምግሎ፣ በአጭር ትዕይንት ብቅ ይልበታል።

ፊልሙን ለማየት የምታስቡ አድማጮች፣ ስሙ የ1963ቱም የ1999ኙም ፊልም ስለሆነ ዓመቱን አረጋግጡ፤ የ1963ቱን ነው የምላችሁ። መጨረሻውን ሆን ብዬ አልነገርኳችሁም።